ዲስፐርሳንት ከመቀየርሽ በፊት ውሃሽን ቀይሪ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር ነኝ፤ የአሉሚና ስሊፕ እየሠራሁ ዲስፐርሳንት በጨመርኩ ቁጥር ጭራሽ ይጓጉልብኛል፤ ሌላ ዓይነት ልግዛ?» ያልሽውን አየሁት። (ለማያውቅ፦ ስሊፕ በውሃ የተበጠበጠ የሴራሚክ ዱቄት ነው፣ እዚህ አሉሚና ማለትም አሉሚኒየም ኦክሳይድ፤ ዲስፐርሳንት ደግሞ ዱቄቱ እንዳይጓጉል የሚጨመር ኬሚካል ነው።) አትግዢ። እኔ ገዝቼ ከስሬያለሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ አሉሚና በጄሶ ሻጋታ እያፈሰስኩ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ማቅለጫ ዕቃ) ልሠራ ተነስቼ አራት ወር የበላብኝ ይኸው ነገር ነው። አንቺም የያዝሽው አሞኒየም ፖሊአክሪሌት የሚባለው ዲስፐርሳንት ነው ብዬ ልቀጥል።

1. ውሃሽ የቧንቧ ነው አይደል? የከተማችን ውሃ ለመጠጥ ቢሆንም ካልሲየምና ማግኒዥየም አለበት። የውሃ ማፍያሽን ውስጡን እይው፣ ከታች የጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ፖሊአክሪሌት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ቅንጣቶቹ ላይ ይለጠፋል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ እየተገፋፉ ሳይገናኙ ይቆያሉ። ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ሲመጣ ያንን ኔጌቲቭ ይይዝበታል። ሰንሰለቱ ይኮማተራል፣ መገፋፋቱ ይደክማል፣ ስሊፑ ይጓጉላል። አንቺ ደግሞ ያነሰ መስሎሽ ትጨምሪያለሽ።

2. የዲስፐርሳንቱ መጠን የሚሰላው በደረቁ ዱቄት ክብደት ነው። የኔ ዱቄት በግራም 10 ካሬ ሜትር ገደማ የገጽ ስፋት ነበረው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 9 አካባቢ ለ100 ግራም ዱቄት 0.4 ግራም ፖሊመር (ራሱ ፖሊአክሪሌቱ) በቃው። የጠርሙሱ ፈሳሽ 40 ከመቶው ፖሊመር ከሆነ 1 ግራም ፈሳሽ ማለት ነው። ከዚያ ካለፍሽ የሚለጠፍበት ቦታ ያጣው ፖሊመር ውሃው ውስጥ ይቀርና ቅንጣቶቹን መልሶ ያቀራርባቸዋል።

3. የዝቃጭ ሙከራውን ገልብጠሽ እንዳታነቢው። ያጠፋኝ ይሄ ነው። ስምንት ቱቦ በተለያየ መጠን አዘጋጅቼ አሳደርኩ። ጠዋት ስመጣ አንዱ ከላይ እንደ ጠራ ጠላ ኩልል ብሏል፣ ከታች ግማሽ ድረስ ለስላሳ ዝቃጭ ይዟል። ሌላው እስከ አፉ ወተት ነው። የጠራውን «ምርጥ» ብዬ መዘገብኩ። የተገላቢጦሽ ነበር! የተጓጎለ ቅንጣት ተያይዞ ቶሎ ይወርዳል፤ በመሃሉ ውሃ ስለሚይዝ ዝቃጩ ከፍ ይላል። የተረጋጋው ለቀናት ደፍርሶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ቀጭን፣ በዘንግ ሲነኩት ድንጋይ የሆነ ዝቃጭ ይተዋል። ግልገል ዓባይ በክረምት ጣና ሐይቅ ይዞት የሚገባውን ደለል አስቢ፤ ደቃቁ እርስ በርሱ ካልተያያዘ መች ቶሎ ይወርዳል?

በዚያ የተሳሳተ መዝገብ አሥራ አንድ ሻጋታ ሞላሁ። አሥራ አንዱም ሲደርቁ ተሰነጠቁ። ከዚያ ከአዲስ አበባ በሰው ሌላ ዲስፐርሳንት አስመጣሁ፣ ከኪሴ። እሱም ያው።

ያወጣኝ አንድ የላብ ረዳት ነው። የተረፈችውን ሁለት ሊትር የተጣራ ውሃ ሰጠኝ። ያው ዱቄት፣ ያው መጠን። ዘንጉን ሳነሳው እንደ ማር ይለጠጥ የነበረው ስሊፕ እንደ ወተት ወረደ። ቆሜ ደጋግሜ አፈሰስኩት።

ሃያ ሊትር ልጠይቅ ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ሞልቼ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቱን ሳያነብ «ውሃ በሞዴል አይጠየቅም፣ ቧንቧው ውጭ ነው» አለኝ። ሰው በተሰለፈበት። ሦስት ቀን ፊርማ ጎደለ፣ ማኅተም ጎደለ እያለ አመላለሰኝ፤ በመጨረሻም አልሰጠኝም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንድ ተማሪ ጥያቄውን የሚያስረዳበት ሁለት ደቂቃ እንኳ ሊነፈግ አይገባም ነበር።

ስለዚህ እዚያ ደጅ አትጥኚ። መኪና ዕቃ መሸጫ ሄደሽ የባትሪ ውሃ ግዢ። አሲዱን እንዳይሰጡሽ ጠይቂ፣ ጀሪካኑ ይመሳሰላል። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ መሣሪያ) ካገኘሽ ለኪው፤ ከቧንቧው እጅግ ዝቅ ማለት አለበት። እኔ በሱ ነው የጨረስኩት። የመጀመሪያው ክሩሲብል ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በጥፍር ስትመቺው እንደ ደወል ይጮኻል። ማንም አልረዳኝም ብዬ ሳማርር የነበርኩ ሰው ያንን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሠራሩ ላይ፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዲስፐርሳንት፣ ፒኤቹን በአሞኒያ 9 አካባቢ፣ ከዚያ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ። ዕቃውን ክደኚው፤ አሞኒያው ሲተን ፒኤቹ ይወርዳል፣ ፖሊመሩም ቻርጁን እያጣ ይሄዳል። ከማፍሰስሽ በፊት ሁልጊዜ እንደገና ለኪ። ቦል ሚሉ (ስሊፑን በኳሶች እያሽከረከረ የሚፈጨው ማሽን) መብራት ሲጠፋ ከቆመብሽ እንደመጣ ዝም ብለሽ አታስነሺው፤ መጀመሪያ ከታች የደረቀውን በእጅሽ አላቅቂ።

ዛሬ ማታ ሁለት ቱቦ አዘጋጂ፤ አንዱን በቧንቧ፣ አንዱን በባትሪ ውሃ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። ጠዋት ሳትነቀንቂ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።