ካርታሽ ለምን አይነበብም? መስመሩ ባዶ ስለሆነ ነው

እህቴ፣ «ፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን ሂደት፣ ለጥናት በሳጥንና በመስመር ካርታ አድርጌ ሳልኩት፤ ከሳምንት በኋላ ሳየው ግን ምኑ ከምን ጋር እንደተያያዘ ጠፋኝ» ብለሽ ለጠየቅሽው። ከፎቶው እንደሚታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን ጋር በመስመር አገናኝተሻል፤ መስመሩ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ቃል ልትጽፊበት ብትሞክሪ እዚያው ትቆሚ ነበር፤ የሚወጣው ኦክስጅን ከውሃ መሰንጠቅ እንጂ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አይመጣም። ባዶ መስመር እንዲህ ያለ ስህተት ይደብቃል።

መሃል ላይ ርዕስ አስቀምጦ ቅርንጫፍ ማውጣት፣ ማለትም ማይንድ ማፕ፣ ምዕራፉን በጨረፍታ ለማየት ይበቃል። ለመረዳት የሚሻልሽ ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ኮንሰፕት ማፕ ነው፤ ጽንሰ ሐሳቦችን በሳጥን ያስቀምጣል፣ ግንኙነታቸውን ደግሞ ቃል በተጻፈበት ቀስት ያሳያል።

ገጹ አናት ላይ ከርዕስ ይልቅ ጥያቄ ጻፊ፦ «ተክል በብርሃን ጉልበት ስኳር የሚሠራው እንዴት ነው?» ከዚያ ከ15 እስከ 25 ጽንሰ ሐሳቦችን በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ ጻፊ። በአንዱ ላይ ከሦስት ቃል አይብለጥ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከገለበጥሽ የሚያገናኘውን ነገር ሳጥኑ ውስጥ ቀበርሽው ማለት ነው። ሰፊውን ሐሳብ ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች እያደረግሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪ። ቦታ ያጣው ዳር ይቆይ። አቀማመጡ ሲያሳምንሽ ብቻ አግድም በተያዘ ኤ4 ላይ በእርሳስ ገልብጪው።

አሁን ቀስቶቹ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ ሁለቱን ሳጥኖች አስቀድመሽ፣ የቀስቱን ቃል አስከትለሽ አንብቢ። ከ«ክሎሮፊል» ወደ «ክሎሮፕላስት» የሚሄደው ቀስት ላይ «ውስጥ ይገኛል» ብትጽፊ፣ «ክሎሮፊል ክሎሮፕላስት ውስጥ ይገኛል» ተብሎ ይነበባል። ካርታው በሙሉ በዚሁ ሥርዓት ይሂድ። «ይዛመዳል» እና «ይያያዛል» ምንም ስለማይነግሩሽ ተያቸው።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንዱን ክንፍ ከሌላው የሚያገናኘውን ቀስት ነው። በብርሃን የሚካሄደው ክፍል የሚያመርታቸው ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውሎች፣ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች፣ በካልቪን ዑደት፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር በሚለወጥበት ክፍል፣ ለስኳር መሥሪያ ይውላሉ፤ ይህ ቀስት ከሌለ የምዕራፉ ሁለት ግማሾች ተለያይተው ይቀራሉ። ሁሉም ሳጥኖች በአንድ ሰልፍ ከወረዱ ደግሞ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል እየገለበጥሽ ነው።

በኋላ ፈልጎ ለማግኘት በየሳጥኑ ጥግ የመጽሐፉን ገጽ ቁጥር አስፍሪ። ሳጥኖቹ ከ25 ካለፉ የበዛውን ክፍል ሌላ ወረቀት ላይ አውጪና ለምሳሌ «3ሀ» ብለሽ ሰይሚው፤ በዋናው ካርታ ሳጥን ጥግ ላይም «3ሀን እይ» በይበት።

ስትከልሺ ካርታው ላይ ማፍጠጥ አይጠቅምም። ጥያቄውን ብቻ ባዶ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሙሉውን ከጭንቅላትሽ ሳዪ፣ ከዚያ የጎደለውን ቀስት በቀይ ሙዪ። ኮምፒውተር ካለሽ ሲማፕ ቱልስ የተባለው የኮንሰፕት ማፕ መሳያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አዲስ ቀስት ስትስቢ ቃል እስክትጽፊበት ድረስ የጥያቄ ምልክቶች ያስቀምጥልሻል።