ጊታራቸውን በቤታቸው ለሚቀርጹ ወጣቶች፦ ሳውንድ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ጊታራችሁን ቤታችሁ ለመቅረጽ አስባችሁ ሳውንድ ካርድ (ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ፍለጋ ስትወጡ፣ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳያችሁ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 192 ኪሎኸርዝ የሚል፣ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር ነው። ዕድሜዬን በስቱዲዮ እንዳሳለፈ የድምፅ ባለሙያ፣ ለዚያ ቁጥር ብላችሁ ብር እንዳትጨምሩ እመክራችኋለሁ። ሲዲ በ44.1፣ ቪዲዮ ደግሞ በአብዛኛው በ48 ኪሎኸርዝ ይሠራል፤ ዕቃው ባለ 24 ቢት (ቢት እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ ይናገራል) ከሆነ ከዚህ ወገን የሚጎድላችሁ ነገር የለም።

ልብ ልትሉት የሚገባው የጊታሩ ጃክ የሚሰካበትን መግቢያ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ክፍል፣ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ የሚያመነጨው ምልክት ደካማ ነው፤ የሽቦው ተቃውሞ ብቻውን በብዙ ፒክአፖች ላይ ከ6 እስከ 15 ኪሎ ኦም ይደርሳል፤ ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ደግሞ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ምልክት የሚያሳየው ጠቅላላ ተቃውሞ) አብሮ ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ጊታር ለኪቦርድ ወይም ለሚክሰር በተሠራ፣ 10 ኪሎ ኦም ገደማ በሆነ የላይን መግቢያ ላይ ስትሰኩት መግቢያው ምልክቱን ይጫነዋል፤ አስቀድሞ የሚሞተውም ቀጭኑ ድምፅ በመሆኑ፣ ጊታሩ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ጊታራቸውን ይጠረጥሩና ክር ይቀይራሉ፣ ወይም በኢኳላይዘር ሊያቃኑት ይሞክራሉ፤ ሳይገባ የቀረ ድምፅ ግን በኢኳላይዘር አይመለስም፤ ከፍ የሚለው የጀርባው ጫጫታ ነው።

ስለዚህ «ኢንስትሩመንት» ወይም «ሃይ ዚ» (ከፍተኛ ኢምፒዳንስ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ መኖሩን አረጋግጡ። የፎከስራይቱ ስካርሌት ሶሎም ሆነ የሞቱው ኤም2 ይህን መግቢያ ይዘዋል። ከጊታሩ ቀጥሎ እንደ ቦስ ያለ በፈር (ምልክቱን የሚያግዝ ሰርኪት) ያለው ፔዳል የምታስገቡ ከሆነ ጭነቱን ፔዳሉ ስለሚሸከመው ነገሩ ይቀላል። በአኩስቲክ ጊታር ወይም በክራር ላይ ፒዞ (ንዝረቱን ከእንጨቱ የሚቀበል ተለጣፊ ፒክአፕ) ያስለጠፋችሁ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል፤ በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ምልክት ማጠናከሪያ) ከሌለው ፒዞ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ባለው መግቢያ ላይ ሲሰካ የሚጠፋው፣ ከማግኔቱ ፒክአፕ በተቃራኒ፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መዘግየት ነው፤ ክሩን ከመታችሁ በኋላ ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማችሁ የሚያልፈው ጊዜ ማለቴ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ የ128 ሳምፕል በፈር (እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ድምፁን ሰብስቦ የሚያቆይበት ቋት ነው) 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ግን በፈሩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ የድራይቨሩ (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም) እና ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጡት መቀየሪያዎች ጊዜም ይታከልበታል። ሻጮች «ዳይሬክት ሞኒተር ስላለው መዘግየት የለበትም» ይሏችኋል፤ ዳይሬክት ሞኒተር ማለት የገባው ድምፅ ኮምፒውተሩን ሳይነካ ከዕቃው በቀጥታ ሲሰማ ነው፤ አባባሉ ለዘፋኝ እውነት ነው። ጊታሪስት ግን በዳይሬክት ሞኒተር የሚሰማው የጊታሩን ደረቅ ድምፅ እንጂ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የአምፕ ሶፍትዌር ድምፅ አይደለም፤ ያንን እየሰማ ለመጫወት የግድ በኮምፒውተሩ በኩል መመላለስ አለበት። ቺክቺካ የምትመቱ ከሆነ ጥቂት መዘግየት እንኳ ምቱን ሲያንቀራፍፈው በእጃችሁ ይታወቃችኋል። በዊንዶውስ የምትሠሩ ስለዚህ አምራቹ የራሱን የኤሲዮ (መዘግየትን የሚቀንስ) ድራይቨር የሚያቀርብለትን ዕቃ ምረጡ፤ ለማንኛውም ዕቃ የተሠራው ኤሲዮ ፎር ኦል ለጊዜው ያገለግላል፣ በእኔ ግምት ግን ሰው ዕቃ ሲገዛ ሊተማመንበት የሚገባ መፍትሔ አይደለም። ማክ ያላችሁ፣ ይህን ሥራ ሥርዓቱ ራሱ ስለሚሠራላችሁ፣ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

የመግቢያው ብዛት አያስጨንቃችሁ፤ ብቻውን ለሚቀርጽ ሰው ሁለት ይበቃል። ይልቅስ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚያገኝ ቢሆን እመርጥላችኋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ መቅረጽ ትቀጥላላችሁ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው እዝዝታም ቻርጀሩ ሲነቀል ይቀንሳል። ያገለገለ ዕቃ ሲቀርብላችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አምራቹ አሁን ለምትጠቀሙበት የኮምፒውተር ሥርዓት ድራይቨር ማውጣቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታር፣ ገመድና የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። የጊታሩን ቮልዩምና ቶን ሙሉ ክፈቱ፣ ዕቃው የኢንስትሩመንት ማብሪያ ካለው አንዴ አብርታችሁ አንዴ አጥፍታችሁ ያንኑ ሐረግ ደጋግማችሁ ተጫወቱ፤ የድምፁ መጠን ስለሚለያይ ጌኑን እያስተካከላችሁ የቀጭኑን ክር ጥራት አወዳድሩ። ሻጩ ይህን እንድታደርጉ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።