ስለ ዱራን ዱራን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ዱራን ዱራን የእንግሊዝ የፖፕ ባንድ ነው። አድናቂ ስለሆንኩ ማዳላቴ አይቀርም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙ ከየት መጣ?
«ባርባሬላ» ከሚባል የ1968 ፊልም። የክፉው ሳይንቲስት ስም ነው። ባንዱን በ1978 በርሚንግሃም የጀመሩት ኒክ ሮድስና ጆን ቴይለር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሦስቱ ቴይለሮች ወንድማማቾች ናቸው አይደል?
ኧረ በፍጹም! ቤዝ የሚጫወተው ጆን፣ ድራመሩ ሮጀርና ጊታሪስቱ አንዲ ምንም አይዛመዱም። አንዲ እንዲያውም የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ዘፋኙን ሳይመን ለ ቦንን የት አገኙት?
ልምምድ የሚያደርጉበት ራም ራነር የሚባል የምሽት ክለብ ነበር። እዚያ መጠጥ የምትቀዳ የቀድሞ ፍቅረኛው ናት የጠቆመችው። በ1980 የነብር ጥለት ያለው ሮዝ ሱሪ ለብሶ፣ ግጥም የሞላበት ደብተር ይዞ ከች አለ።

ጥያቄ፦ እውነቱን እናውራ፣ መልክ እንጂ ሙዚቃ አላቸው?
ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስሪላንካ ድረስ ሄደው በቀረጿቸው ክሊፖች ኤምቲቪ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ላይ መግነናቸውን አልክድም። ግን «ሪዮ» የሚለውን ዘፈናቸውን ክፈትና ሌላውን ሁሉ ትተህ ቤዙን ብቻ ስማ። ጆን ሺክ የሚባለው የአሜሪካ ዲስኮ ባንድ ቤዚስት የበርናርድ ኤድዋርድስ ደቀ መዝሙር ነው፣ የሚያስጨፍርህ ፀጉራቸው ሳይሆን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለኛ ድርቅ ዘፍነዋል ሲባል ሰማሁ።
አዎ። ኅዳር 1984 ለንደን ላይ ባንድ ኤይድ የተባለው የዘፋኞች ስብስብ ለድርቁ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘፈኑን ሲቀዳ ነበሩ፣ ሳይመን ለብቻው የሚዘፍነው ስንኝም አለው። (የገና በዓል መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ዘፈን ነው፣ ላሊበላን የሠራ ሕዝብ!) ሐምሌ 13 ቀን 1985 ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ በተባለው ለዚያው ድርቅ በተዘጋጀ ኮንሰርት ተጫወቱ። የጄምስ ቦንድ ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ በሆነበት ሰሞን፣ እሱኑ ሲዘፍን ሳይመንን ከፍ ያለችው ኖታ ላይ ድምፁ ከዳው። አምስቱ ከዚያ በኋላ እስከ 2003 ድረስ አንድ መድረክ ላይ አልቆሙም።

ጥያቄ፦ ማን ቀረ አሁን?
ኒክ አንድ ቀን እንኳ አልወጣም። ሮጀርና አንዲ በ1986 ወጡ፣ ጆን በ1997። በ2001 ሁሉም ተመለሱ፣ አንዲ ግን 2006 ላይ እንደገና ሄደ። በ2022 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገቡ አልመጣም። ሳይመን መድረክ ላይ ደብዳቤውን አነበበ፣ ደረጃ አራት የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው አልበማቸው ላይ ግን ጊታሩን ታገኙታላችሁ።