ሁለት ግራ ጫማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠመጠምኩ ነው የምተዳደረው። ሱፐርኮንዳክተር ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። ከመዳብ ሲገናኝ በደንብ ያሳልፍና ከማግኔት ሲገናኝ እምቢ ይላል የሚል ነገር አነበብኩ። ሽቦው አልተቆረጠ፣ ጫፉ አልዛገ፤ ኤሌክትሮኑን በር ላይ የሚያስቆመው ማነው?
ሞተር ጠምጣሚው

መልስ፦ አብሽር፣ የሚያስቆመው ጓደኛ ማጣት ነው። አንድ ሰሞን ደሴ ሰኞ ገበያ ከልባሽ ክምር ጫማ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ፌስታሉን ብፈታው ሁለቱም ግራ! ሻጩን በሳምንቱ ብፈልገው የለም።

ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮን ለብቻው አይሄድም። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በፈረንጆቹ 1957 እንዳስረዱት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ የአንዱ ስፒን (ኤሌክትሮን በተፈጥሮው የያዘው የትንሽ ማግኔትነት አቅጣጫ) ወደ ላይ ከሆነ የሌላው ወደ ታች፣ እንደ ግራና ቀኝ ጫማ። ቮልቴጁ ትንሽ ከሆነ ከመዳብ የመጣው ብቸኛ ኤሌክትሮን አይገባም። ከዚያው ከመዳቡ ተቃራኒውን ጎትቶ አብረው ይገባሉ፤ የተጎተተው የለቀቀው ባዶ ቦታ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን በ1964 ያስረዳው ሩሲያዊው አንድሬቭ ነው። አንድ መጥቶ ሁለት ስለሚገባ፣ መጋጠሚያው ንጹሕ ከሆነ ማሳለፉ እስከ እጥፍ ይደርሳል።

የማግኔት ክምር ግን ወደ ግራ ያደላል። ብረት ውስጥ ቀኙ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። «ክሮም» እንለው በነበረው ካሴት ክር ላይ የሚቀባው ክሮሚየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ ግን ቀኝ ጫማ የለም ማለት ይቻላል፤ ግራው ጓደኛ አጥቶ በር ላይ ይቀራል። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ኒዮቢየም ከሚባለው ሱፐርኮንዳክተር የተሠራ ሹል ጫፍ አስነክተውት ያንኑ እምቢታ መለኪያ አደረጉት፤ የአንዱ ወገን ብልጫ 90 በመቶ ገደማ ወጣ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተራው ጥንድ ማግኔት ውስጥ ጥቂት ናኖሜትር ሄዶ ይፈርሳል። በ2006 ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን በዚሁ ክሮሚየም ዳይኦክሳይድ በኩል እስከ 1 ማይክሮሜትር ድረስ ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ ሲያልፍ ታየ። ወሰኑ ላይ የማግኔቱ አቅጣጫ ወጣ ገባ ሲል ግራና ቀኙ ጥንድ ወደ ግራና ግራ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን ጥንድ ደግሞ ማግኔቱ አያፈርሰውም።

ሱቅህ ውስጥ ልሞክረው እንዳትል። ኒዮቢየም ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ከዜሮ በታች 264 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከሐረጎ በላይ ያለው የኛ ብርድም አያደርሰውም። የእኔ ግራና ግራ ጫማ እንደሆነ አልተራመደልኝም፣ አሁንም አልጋ ሥር ነው።