ወደቡ ሴፍ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?

ሰላም ቤተሰብ። አንዲት እህታችን ለለጠፈችው ጥያቄ ኮሜንት ላይ መመለስ ጀምሬ ስለረዘመብኝ ለብቻው አወጣሁት። ጥያቄውን ላላያችሁ፦ የምትሠራበት ድርጅት ማዳበሪያ ለማምጣት መርከብ ሊከራይ ነው። ረቂቅ ውሉ የማራገፊያውን ቦታ «አንድ ሴፍ በርዝ፣ አንድ ሴፍ ፖርት ጅቡቲ» ይላል፤ ደህና ወደብ፣ እዚያም መርከቧ የምትታሰርበት ደህና ቦታ ማለት ነው። ብሮከራቸው (ኪራዩን የሚያደራድርላቸው ደላላ) «ሴፍ» የምትለዋ ትውጣ ይላል። የመርከቡ ባለቤት ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። አለቃዋ ደግሞ «ጅቡቲ ዘመናዊ ወደብ ነው፤ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አላት።

እኔ መጀመሪያ መርከብ ላይ በዴክ ኦፊሰርነት፣ በኋላ ደግሞ ቢሮ ገብቼ በተከራይ በኩል ኦፕሬሽን ላይ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ውሉ በእንግሊዝ ሕግ ይዳኛል ብዬ ነው የምመልስልሽ፤ አብዛኛው የጭነት መርከብ ኪራይ እንደዚያ ነውና።

አጭሩ መልስ ይኸው። ተከራዮቹ እናንተ ከሆናችሁ ብሮከራችሁ የሚሟገተው ለእናንተ ነው። ቃሏ ውሉ ውስጥ ከቆየች፣ ወደቡ ለዚያች መርከብ ደህና ነው ብላችሁ ቃል የምትገቡት እናንተ ናችሁ። የጅቡቲ ወደብ ምንም አልፈረመም። የመርከቧ ሆድ ተቀዶ ቢገኝ ባለቤቱ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ስለዚህ አለቃሽ ስለ ወደቡ ዘመናዊነት ያለው እውነት ቢሆንም ክርክሩ እዚያ ላይ አይደለም።

አሁን ረጅሙ። ሁሉም የሚጠቅሰው ፍርድ የ1958ቱ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኢስተርን ሲቲ የምትባል መርከብ በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ሞሮኮ ውስጥ ወደ ሞጋዶር፣ ወደ ዛሬዋ ኤሳዊራ፣ ታዘዘች። ነፋስ ተነሣ፣ መልህቋ አልይዝ አለ፣ መሬት ላይ ወጣች። ዳኛው ሴለርስ የሰጡት ፍቺ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ያቺው መርከብ በዚያው ጊዜ ወደቡ መድረስ፣ ሥራዋን መሥራትና መመለስ ከቻለች፣ ያልተለመደ ነገር ካልተፈጠረም በጥሩ የባሕር ሙያ ሊሸሹት ለማይቻል አደጋ ካልተጋለጠች፣ ወደቡ ሴፍ ነው። ስንት ጠበቃ በዚህች ዓረፍተ ነገር ልጆቹን አስተምሯል መሰለሽ።

«ያቺው መርከብ» የሚለውን ያዢ። ባዶዋን የገባች ትንሽ መርከብ ምንም የማትሆንበት በርዝ፣ እስከ አፏ የተጫነችውን መሬት ሊያስነካት ይችላል። ኦፕሬሽን ላይ ሳለሁ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የወደብ ኤጀንት «ኖ ፕሮብለም፣ መርከቦች ሁልጊዜ ይገባሉ» ብሎ ሲጽፍልኝ ነበር። የትኞቹ መርከቦች? ስንት ሜትር ድራፍት (ከውኃው በታች የሚገባው የመርከቧ ክፍል) ይዘው? ጥልቀቱ የተለካው መቼ ነው? አንድ የሕንድ ውቅያኖስ ወደብ ላይ ይህንኑ ደጋግሜ ስጠይቅ የላኩልኝ የጥልቀት ካርታ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ነበር። አዲስ ልኬት አምጡ ብዬ ያዝኳቸው። ሲመጣ ከቀድሞው ያነሰ ነበር፤ ጭነቱን ቀነስን። ባለቤቱ ቅር አላለውም፤ የኛ የሽያጭ ክፍል ግን ለሳምንታት አኩርፎኝ ነበር።

ደህንነት ሲባል ድንጋይና ማዕበል ብቻ አይምሰልሽ። የወደቡ አሠራርም ይቆጠራል። ቫልፓራይሶ፣ ቺሊ ላይ ኪያን ሲ የተባለች መርከብ አየሩ ሲከፋ በርዙን ለቅቃ መውጣት ነበረባት። ሌሎች መርከቦች ግን ከፊቷ መልህቅ ጥለው መተላለፊያ አሳጧት፣ ተጎዳች። ፍርድ ቤቱ ያለው ነገር ለማንም ኦፕሬሽን ሠራተኛ የሥራ መመሪያ ይሆናል። መርከብ በመጥፎ አየር ከበርዝ እንድትሸሽ በሚጠበቅበት ወደብ የአየር ትንበያ ሊኖር ይገባል፣ መርከብ አስገብቶ የሚያስወጣው የወደቡ ፓይለትና ጎታች ጀልባ በጊዜው መገኘት አለባቸው፣ መዞሪያ ቦታ ያስፈልጋል፣ ያ ቦታ ዘወትር ክፍት መሆኑን የሚቆጣጠርም መኖር አለበት። ሞዛምቢክ፣ ቤይራ ላይ ደግሞ ችግሩ የቦዮቹ ነበር። መግቢያው ቦይ አሸዋው ይንቀሳቀሳል፤ መንገድ የሚያሳዩት ተንሳፋፊ ምልክቶች ግን ትክክለኛ ቦታቸው ላይ አልነበሩም። አንዷ መርከብ መሬት ነክታ መንገዱን ስትዘጋ ሌላዋ፣ ካውንት የተባለችው፣ ውስጥ ታግታ ቀረች። ካውንት አንዲት ጭረት አልነካትም። ወደቡ ሴፍ አልነበረም ተብሎ ተፈረደ።

«ያልተለመደ ነገር» የሚባለው ደግሞ የተከራይ መውጫ በር ነው። በጥቅምት 2006 ጃፓን፣ ካሺማ ላይ ኦሽን ቪክቶሪ የተባለች ትልቅ የብረት ማዕድን ጫኝ በርዙ ላይ በረጅም ሞገድ እየተናጠች ነበር። በዚያ ሰዓት መውጫው ቦይ ላይ ከባድ የሰሜን ነፋስ ነበር። ልትወጣ ስትል መሬት ላይ ወጥታ ኋላ ለሁለት ተሰበረች። ክሱ 137.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለንደን ላይ የመጀመሪያው ዳኛ ለባለቤቱ ወገን ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግልበጣውን አጸና። ሞገዱም ነፋሱም ለየብቻቸው እዚያ የታወቁ ናቸው፤ እንዲህ ከፍተው በአንድ ሰዓት መገናኘታቸው ግን በወደቡ ታሪክ ብርቅ ነው ተባለ። ለተከራይ ደስ የሚል ፍርድ ነው። ነገር ግን ከአደጋው እስከ ውሳኔው ከ10 ዓመት በላይ መፍጀቱን አትርሺ።

እኔ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ቢያውቀው የምመኘው ጉዳይ ግን የምጽዋው ነው። ተከራዩ እኛው ነበርን፤ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ። ሳጋ ኮብ የተባለችው ታንከር በቀይ ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በምሥራቅ አፍሪካ እንድትሠራ በጊዜ ኪራይ (ለአንድ ጉዞ ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ) ተይዛ ነበር። በ1988 ክረምት የአውሮፕላን ነዳጅ ከአሰብ ወደ ምጽዋ እንድታደርስ ታዘዘች። የአፋቤት ውጊያ ካለቀ ገና ወራት ነው። በግንቦት ኦሞ ወንዝ የተባለችው መርከብ ባሕር ላይ ተጠቅታለች። ሳጋ ኮብ ከምጽዋ ፊት ለፊት መልህቅ ጥላ ሳለች፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1980 በኛ አቆጣጠር፣ በጀልባ የመጡ የሻዕቢያ ተዋጊዎች ተኩስ ከፍተው ጎዷት።

ባለቤቶቿ ለንደን ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ ምጽዋ ሴፍ አልነበረችም አለ። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ንግድ መርከብ ረታ። ምክንያቱን ልብ በይ። አንድ ወደብ በጦርነት ስጋት ሴፍ አይደለም የሚባለው አስተዋይ ባለቤት ወይም ካፒቴን «መርከቤን ወደዚያ አልልክም» ለማለት የሚበቃ ስጋት ሲኖር ነው። ትእዛዙ በተሰጠበት ጊዜ ደግሞ መርከቦች ወደ ምጽዋ ይመላለሱ ነበር። ከዚያ ቀደም በባሕር የደረሰው የኦሞ ወንዝ ጥቃት ነው፤ እሱም ምጽዋ ወደብ ላይ አልነበረም።

ብዙ የባሕር ሕግ ሰዎች ይህን መለኪያ አይወዱትም፤ ለተከራይ ያደላል ይላሉ። እኔም ትንሽ እስማማለሁ። በዚያ ዓመት ኤርትራ ውስጥ የነበረ ሰው ምጽዋን ደህና ወደብ ብሎ ሲጠራ አይታየኝም። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ስጋቱ ለዚያች መርከብ፣ በዚያ ወደብ፣ ትእዛዙ በተሰጠበት ሰዓት ምን ያህል ነበር የሚለውን ነው። ከዚያ ፍርድ 10 ዓመት ቀደም ብሎም በ1982 ይኸው ሐሳብ ተሠርቶበታል። ኢቪያ የምትባለው መርከብ ወደ ባስራ ስትታዘዝ ሰላም ነበር። ጭነቷን አራግፋ በጨረሰችበት ሰሞን፣ መስከረም 1980፣ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ፈንድቶ ሻት አል አረብ ወንዝ ውስጥ ታግታ ቀረች። ተከራዩ ቃሉን አላፈረሰም ተባለ። ግን አደጋው የታየው መርከቧ ገና ሳትገባ ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ በጊዜ ኪራይ፣ ተከራዩ ሌላ ወደብ መስጠት ይጠበቅበት ነበር።

አሁን ወደ ውልሽ። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለ፤ ውጤታቸው ለየቅል ነው። «አንድ ሴፍ ፖርት ጅቡቲ» ከተባለ፣ ወደቡ በስም ስለተጠራ ባለቤቱ አውቆ ገብቷል ብላችሁ ማምለጥ አትችሉም። በላትቪያው የቬንትስፒልስ ወደብ ጉዳይ ይህ ክርክር ቀርቦ ወድቋል። «ጅቡቲ» ብቻ ከተባለ ደግሞ ዳኛ ሴፍ የምትለዋን ከኪሱ አውጥቶ አይጨምርላችሁም። ሪቦርን የተባለችው መርከብ ሊባኖስ፣ ቼካ በርዝ ላይ ከውኃው ሥር ባለ ነገር ሆዷ ተበሳ። ውሉ ሴፍ አይልም ነበርና ባለቤቱ በ2009 ተረታ። ብሮከራችሁ የሚያስበው ይህንን ይመስለኛል።

ሦስተኛው መሐል ላይ ያለው ነው። «ተከራዩ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል» የሚል፣ በታንከር ውሎች የተለመደ አጻጻፍ። የሳጋ ኮብ ውልም እንደዚያ ነበር። ባለቤቱ ሴፍ ትውጣ ሲባል ከተንገራገረ እኔ ብሆን እዚህ ላይ እታረቃለሁ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አሜሪካ የሆነውን ተመልከቺ። አቶስ አንድ የተባለችው ታንከር በ2004 ደላዌር ወንዝ ላይ በርዙ ሊደርስላት ጥቂት ሲቀራት የተጣለ መልህቅ ሆዷን ቀደደው፤ 264,000 ጋሎን ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። መልህቁ እዚያ መኖሩን ተከራዩ አያውቅም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 «ሴፍ ብለህ ፈርመሃል፤ አለማወቅህ አያድንህም» የሚል ይዘት ያለው ፍርድ ሰጠ። ጥንቃቄን ብቻ የሚጠይቅ ውል ቢሆን ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የጦር ስጋቱ ቀረ። ጅቡቲ የሚገኘው ከባብ ኤል መንደብ ደቡብ ነው። ማዳበሪያው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከሕንድ በኩል የሚመጣ ከሆነ መርከቧ ያንን ጠባብ በር አታልፍም። ከሞሮኮ ተጭኖ በስዌዝ የሚመጣ ከሆነ ግን ታልፋለች። ከኅዳር 2023 ወዲህ የየመን ሁቲዎች እዚያ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ያደረጉትን ሁላችንም አይተናል። በመጋቢት 2024 የሰጠመችው ሩቢማር ራሷ ወደ 21,000 ቶን ማዳበሪያ ይዛ ነበር። የመድረሻው መንገድም የወደቡ ደህንነት አካል ነው፤ «መድረስ» የሚለው ፍቺው ውስጥ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ስለሚቻል ጅቡቲን በዚህ ብቻ ሴፍ አይደለም ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ያ ዙር የሚፈጀውን ነዳጅና ጊዜ ማን ይከፍላል? ይህን ሴፍ ፖርት የሚለው አንቀጽ አይመልስም፤ የጦር ስጋት አንቀጹ ነው የሚመልሰው። የቢምኮን (የዓለም አቀፉን የመርከብ ማኅበር) መደበኛ አንቀጽ ከተጠቀማችሁ ባለቤቱ በቂ ምክንያት ሲኖረው አልሄድም የማለት መብት አለው። ተጨማሪ የኢንሹራንስ ፕሪሚየሙን በጊዜ ኪራይ ብዙ ጊዜ ተከራይ ይከፍላል። በጉዞ ኪራይ (ለአንድ ጉዞ ብቻ ሲከራዩ) ድርድር ነው፤ ስለዚህ ጣሪያ አስቀምጡበት፣ መንገዱንም በስም ጻፉት።

እህቴ፣ መጫኛው ወደብ የት እንደሆነና የመርከቧን ድራፍት ኮሜንት ላይ ብታስቀምጪልን ከዚህ የበለጠ መናገር ይቻላል። የድርጅቱንና የመርከቧን ስም ግን እዚህ አትጻፊ፤ ድርድሩ ገና አላለቀም።