«እኔ እኮ ግፊት የለብኝም»

ውድ ኢንተርኖች፣

ሰሞኑን ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን አልጋ ባልጋ ስናይ፣ አንዷ ከእናንተ «ዶክተር፣ ግፊቱ 100 በ60 የሆነ ሰው ለምንድን ነው የግፊት መድኃኒቱን ፕሮፕራኖሎልን የሚወስደው?» አለችኝ። መለስኩላት። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለባቸው አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀልደኛ ናቸው። አልጋቸው ጋ ስንቆም የጋዋናችንን ስፌት ይተቻሉ፤ የአለቃችን ኪስ ጠማማ ነው ብለው ያሳቁን ነገር እስካሁን ትዝ ይለኛል። የመጡት ደም አስታውከው ነው። በምግብ ቧንቧቸው ያበጡት ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው የካሜራ ቱቦ፣ ታሰሩ፣ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላቸውና ወደ ቤት ሄዱ። እቤት ሆነው ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አነበቡ። «ለደም ግፊት» ትላለች። ቢለኩ ግፊታቸው ዝቅ ያለ ነው። «እኔ እኮ ግፊት የለብኝም» ብለው ክኒኑን ተዉት። ምን ያድርጉ? ክንድ ላይ የሚለካው ሌላ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ሌላ መሆኑን የነገራቸው የለም። እንደገና ሲደሙ አልተረፉም።

ነገሩ ለማስረዳት ከባድ አይደለም። ጉበት ጠባሳ ሲሞላው ከአንጀት የሚመጣው ደም ማለፊያ ያጣል። ሌላ መንገድ ሲፈልግ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉትን ስስ ደም ሥሮች ይወጥራል። ፕሮፕራኖሎል ልብ የሚረጨውን ደም ይቀንሳል፤ ወደ አንጀት የሚሄዱትንም ደም ሥሮች ያጠብባል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው አቴኖሎል ይህን ሁለተኛውን ሥራ በደንብ አይሠራም፣ ስለዚህ አይተካውም። ሐኪሙ ሌብሬክና ባልደረቦቹ ፕሮፕራኖሎል ዳግም መድማትን እንደሚቀንስ ፈረንሳይ ውስጥ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ካርቬዲሎልን እናስቀድማለን፤ ጉበቱ ውስጥ ያለውንም ጥበት ስለሚያላላ።

እናንተ ልጆች ዶዝ ከስልክ ታወጡና በሽተኛውን ቀና ብላችሁ ሳታዩት ታልፋላችሁ። እኔም የካርቬዲሎልን ዶዝ ትናንት ያየሁት ከስልኬ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አልናገር።

እነዚህ መድኃኒቶች አስም ስለሚያባብሱ አስም መጠየቅን አትረሱም፣ አልደግመውም። የላይኛው ግፊት ከ90 ሲወርድ ግን ዶዙን ቀንሱ ወይም አቁሙ፤ በተለይ ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው ላይ። ደም እያስታወከ ለመጣ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል አይጀመርም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም የሚቀንስ መርፌ (ቴርሊፕረሲን ወይም ኦክትሪዮታይድ)፣ አንቲባዮቲክና ኢንዶስኮፒ ነው።

ስታዝዙ እንዲህ በሏቸው፦ «ይህ የሆድዎን ደም ሥር ግፊት ነው የሚቀንሰው። ክንድዎ ላይ አይታይም። ሳያማክሩን እንዳያቋርጡት።» ከዚያ መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ራውንዱ ቢረዝም ይርዘም፣ አለቃችሁ ቢያጉረመርም እኔ ነኝ ያልኳችሁ።