«አስማተኛው መጣ» ብንል ያስቀይማል?

ጥያቄ፦ በልጄ ልደት ላይ ሳንቲም እያጠፋ የሚመልስ ወጣት ጠርተን ነበር። ልጆቹ «አስማተኛው መጣ!» ብለው ሲጮሁ እናቴ ክው አለች። «ምትሐት በሉት እንጂ! አስማት ሌላ ነው» አለችን። እውነት ይለያያሉ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። አስማት በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። «ስሞች» ማለት ነው፣ በቃ። ክፉ ነገር የለበትም።

ታዲያ እንዴት እዚህ ደረሰ? የድሮ የብራና ክታብ አይተው ያውቃሉ? ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ አሰባስቧል። ጠባብና ረጅም ነው። በቀይ ቀለም «በስመ አብ» ብሎ ይጀምራል። ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ጠልሰም ይሣልበታል። ከዚያ የአምላክ ስሞች ይደረደራሉ፤ ገሚሶቹ ለጆሮ እንግዳ ናቸው። ባለቤቷ ሴት ከሆነች «ለአመትከ» ይልና፣ ማለትም «ለባሪያህ»፣ የክርስትና ስሟ ይከተላል። ኃይሉ ያለው ስሞቹን በመጥራት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ጸሎቱ ራሱ «አስማት» ተባለ። ጠላት ለመጉዳትም ይደገማል ሲባል ግን ቃሉ ከመተት ጎን ተሰለፈ። ድግምትም ዕጣው ይኸው ነው፤ ዳዊት ከምንደግምበት ግስ ነው የወጣው። (ክታብና ክትባትም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ከተበ» ካለው። ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።)

ምትሐት ግን የዓይን ጉዳይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 14፥26 ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው «ምትሐት ነው» ብለው ጮኹ። የሚታይ፣ ግን የሌለ ነገር መሰላቸው። ሳንቲም የሚያጠፋው ልጅም የሚጠራው ስም የለውም፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ዓይናችንን ይሸውዳል። ስለዚህ «ምትሐት» በደንብ ይገልጸዋል። «አስማተኛ» ማለትም ዛሬ ተለምዷል፣ ስሕተት ነው አልልም። እኔ ግን ምትሐትን እመርጣለሁ፤ በተለይ አዛውንት ባሉበት ቤት።

እናትዎ ለምን እንደደነገጡ ደግሞ ከራስዎ ቤት ያገኙታል። ብዙ እናቶች «የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር» እያሉ ነው ያሳደጉን። ስምህን የያዘ አንተን ይይዛል ብለው ስለሚፈሩ ነው።